ከዋይ ፋይ ተነሥቶ ተራ ስልክ ላይ የሚያርፍ ጥሪ በየትኛው በር ይገባል?

ሐረር፦ በውጭ አገር ዘመድ ያለው የሐረር ነዋሪ በሚገባ የሚያውቀው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ደዋዩ ልጅ ያለው ቶሮንቶ ወይም ሜልቦርን ነው፤ በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን አንዳንድ ጊዜ በ09 የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩን መልሰው ሲሞክሩት ወይ አይነሣም፣ ወይ ጨርሶ አይገኝም። በሌላ ቀን ያው ልጅ ሲደውል የሚኖርበት አገር መለያ ያለው ቁጥር ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ምንም ቁጥር ሳይታይ ስልኩ ይጮኻል። ሦስቱም ጥሪዎች ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ዋይ ፋይ የተነሡ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያዩት በመነሻቸው ሳይሆን ወደ ኢትዮጵያ የስልክ መረብ በገቡበት በር ነው።

“በኢንተርኔት መደወል” ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ዋትሳፕ፣ ወደ ኢሞ ወይም ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። በእነዚህ መተግበሪያዎች የሚደረግ ጥሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢንተርኔት ውስጥ ያልፋል። ደዋዩም ሆነ ተቀባዩ ያንኑ መተግበሪያ የጫኑበት ዘመናዊ ስልክና ኢንተርኔት ሊኖራቸው የግድ ነው። ዋትሳፕ የስልክ ቁጥር የሚጠይቀው ደንበኛውን ለመለየት እንጂ በዚያ ቁጥር ወደሚሠራ ተራ ስልክ ለመደወል አይደለም። በመሆኑም በሶፊ፣ በኤረር ወይም በድሬ ጥያራ ወረዳ ቁልፍ ያለው ስልክ በኪሱ ይዞ ማሳው ላይ የሚውል አርሶ አደር በዚህ መንገድ አይገኝም።

ሌላው ዓይነት ጥሪ ለእርሱም የሚደርሰው ነው። ደዋዩ ከዋይ ፋይ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ይነሣል፤ ጥሪው ግን ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ከኢንተርኔት ወጥቶ ወደ መደበኛው የስልክ መረብ ይሻገርና በተራ ስልክ ላይ ያርፋል። ከተቀባዩ የሚፈለገው ኔትወርክና ያልሞተ ባትሪ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የጥሪውን ዋጋ የሚሸፍነው ደዋዩ ስለሆነ በተቀባዩ ሲም ካርድ ላይ ሒሳብ ባይኖርም ጥሪው ይገባል። በዚህ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ስሙ የገነነው ስካይፕ ነበር፤ ባለቤቱ ማይክሮሶፍት ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም ዘግቶታል። ቫይበር አውትና ሬብቴልን የመሳሰሉ ሌሎች አገልግሎቶች ግን አሉ። ደዋዩ አስቀድሞ ሒሳብ ይሞላል ወይም ወርኃዊ ክፍያ ይፈጽማል፣ ከዚያም እንደ ማንኛውም ስልክ ቁጥሩን ይመታል።

ሐረር ለስልክ እንግዳ አይደለችም። በኢትዮጵያ የስልክ ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር ነው፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያ ሽቦ ላይ የሰው ድምፅ የሚጓዘው ከፍና ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ አማካይነት ነበር። ሁለት ሰዎች እስኪነጋገሩ ድረስ መስመሩ የእነርሱ ብቻ ይሆናል፤ ዝም ቢሉም እንኳ ሌላ ሰው አይጠቀምበትም።

በዋይ ፋይ የሚነሣ ጥሪ አሠራሩ ከዚህ የተለየ ነው። ስልኩ የተናጋሪውን ድምፅ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በስልክ ዓለም የተለመደው ልክ ድምፁን በሰከንድ 8000 ጊዜ መለካትና እያንዳንዱን ልኬት በ8 ቢት መመዝገብ ነው፤ ይህም በሰከንድ 64000 ቢት ይሆናል። የቁጥሩ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆረጠ በትንንሽ እሽጎች ይላካል። እያንዳንዱ እሽግ እንደ ፖስታ አድራሻ ተጽፎበት ብቻውን ይጓዛል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥም 50 እሽጎች ከስልኩ ይወጣሉ። በመንገድ የጠፋ እሽግ በንግግሩ ውስጥ እንደ ተዋጠ ፊደል ይሰማል። ብዙ ሲጠፋ ድምፁ “ይቆራረጣል”።

መዘግየቱም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ከዓለም ኢንተርኔት ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ሲሆን፣ ዋነኛው መስመር ከሐረር ብዙም በማትርቀው ጅቡቲ አድርጎ ወደ ባሕር ሥር ገመዶች የሚገባው ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከርቀቱ ሌላ ጊዜ የሚፈጀው እሽጎቹን ማዘጋጀቱ፣ በየመገናኛው ተራ መጠበቁና የዘገየውን ጠብቆ በቅደም ተከተል መግጠሙ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል ይላል። ከዚያ ሲያልፍ ሁለቱ ሰዎች እኩል መናገር ይጀምራሉ፣ እኩል ዝም ይላሉ፣ “ቀጥል” “አንተ ቀጥል” እየተባባሉ ደቂቃው ያልቃል። ታላላቆችን በንግግር አለማቋረጥ ወግ በሆነበት ቤት ይህ መደናቀፍ ከቴክኒክ ችግርነቱ በላይ ያሳፍራል።

የዳታ ወጪው ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ከላይ በተገለጸው ልክ ድምፁ ብቻ በአንድ አቅጣጫ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ነው። የእሽጎቹ አድራሻና የመልሱ ድምፅ ሲጨመሩበት ወደ 1.3 ሜጋባይት ይደርሳል። ብዙ መተግበሪያዎች ድምፁን አጥብበው ስለሚልኩት ከዚህም ያንሳል። ቪዲዮ ከተከፈተ ግን ስሌቱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት አሚር ኑር ናቸው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የሚባሉት አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሰው መውጫና መግቢያ ብቻ አልነበሩም። ወደ ከተማይቱ የሚገባ ሸቀጥ የሚፈተሸውና ቀረጥ የሚከፈልበት እዚያው ነበር፤ ሌሊትም ይዘጉ ነበር። የኢንተርኔትና የስልክ መረብ የሚገናኙበት ሥፍራም እንዲሁ በር አለው፤ ባለሙያዎች ጌትዌይ ይሉታል። ይህ መሣሪያ በአንድ ጎኑ እሽጎቹን ከኢንተርኔት ይቀበላል፣ በሌላ ጎኑ የስልክ መረቡ በሚረዳው ቋንቋ ጥሪውን ያስተላልፋል። በሕጋዊው በር የገባ ጥሪ ለተቀባዩ አገር ኦፕሬተር በደቂቃ የሚሰላ የማድረሻ ክፍያ ይከፈልበታል። ክፍያው የሚመጣው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው። ደዋዩ ቶሮንቶ ላይ ለመተግበሪያው ከከፈለው ገንዘብ ውስጥ አንዱ ክፍል ተጉዞ የሚያርፈው እዚህ ነው ማለት ነው። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ መደወል በነጻ ሊሆን ያልቻለውም በዚህ ክፍያ ምክንያት ነው።

ቀረጥ ባለበት ሁሉ ቅጥር የሚዘልል አይጠፋም። በስልኩ ዓለም ቅጥር መዝለያው ሲም ቦክስ ይባላል። በርካታ፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠሩ ሲም ካርዶች በአንድ ጊዜ የሚሰኩበት ሣጥን ነው። አንድ ሰው በተከራየው ክፍል ውስጥ ያኖረዋል፣ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኘዋል። ከውጭ የመጣው ጥሪ በኢንተርኔት እስከ ሣጥኑ ድረስ ይመጣና ከተሰኩት ሲም ካርዶች በአንዱ እንደ አዲስ ይደወላል። ለኦፕሬተሩ የሚታየው ከአገር ውስጥ ወደ አገር ውስጥ የተደረገ ተራ ጥሪ ነው፤ የሚያገኘውም የአገር ውስጡን ዋጋ ብቻ ነው። ልዩነቱ ወደ ሣጥኑ ባለቤት ኪስ ይገባል። በ09 የሚጀምረው እንግዳ ቁጥር ምስጢሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መልሰው ሲደውሉ የማይገኘውም በሣጥን ውስጥ የተሰካ ካርድ ጆሮ ስለሌለው ነው።

ቶሮንቶ ያለው ልጅ ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። ርካሽ የጥሪ ካርድ ወይም ርካሽ መተግበሪያ ገዝቷል፤ የሸጠለት ድርጅት ጥሪውን በየትኛው መንገድ እንደሚያሳልፍ አልነገረውም። ርካሽነቱ ራሱ ግን ምልክት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ እጅግ ወርዶ ከተገኘና እናቱ ስልክ ላይ የማታውቀው የአገር ውስጥ ቁጥር ከወጣ ጥሪው በበሩ አልገባም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ ረጅም ታሪክ አለው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት ማድረግንም ሆነ አገልግሎቱን መስጠትን ከለከለ። ከ10 ዓመት በኋላ የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ቅጣቱን አከበደው። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና ከሥራው አግኝቷል ተብሎ በሚገመተው ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ እንዲቀጣ ደነገገ። አገልግሎቱን አውቆም ሆነ በቸልተኝነት ያገኘ ሰው ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2500 እስከ 20000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል አለ።

አዋጁ በረቂቅነቱ ሳለ “በኢትዮጵያ ስካይፕ የተጠቀመ ይታሰራል” የሚል ወሬ በውጭ መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። የመንግሥት ኃላፊዎች በበኩላቸው ዓላማው ለግል ጉዳዩ ከዘመዱ ጋር የሚነጋገረውን ሰው መቅጣት ሳይሆን ያለ ፈቃድ ጥሪ እያሳለፈ የሚነግደውን መያዝ ነው ሲሉ አስረዱ። ማብራሪያው ብዙዎችን ቢያረጋጋም የአዋጁ ቃል ሰፊ ሆኖ መጻፉ አይካድም፤ “በቸልተኝነት” የምትለዋ አንዲት ቃል ብቻ ብዙ ሰው አስጨንቃለች። በሌላ በኩል ሲም ቦክስ እየተያዘ በፖሊስና በደኅንነት ተቋማት ሲገለጽ መስማት ለኢትዮጵያ አድማጭ አዲስ ነገር አይደለም። ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ገበያውም ለሌላ ኦፕሬተር ተከፈተ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም መጨረሻ አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው ከሐረር አቅራቢያ በድሬዳዋ ነው። ከዚያ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም በዚሁ የጥሪ መረብ ውስጥ ገብተዋል።

ለገጠሩም ሆነ ለከተማው ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው አደጋ ሲም ካርዱ ላይ ነው። ሣጥኑ ብዙ ካርድ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ካርድ ደግሞ በሰው ስም መመዝገብ አለበት። “በስምህ ሦስት አራት ሲም አውጣልኝ፣ ለድካምህ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ” ብሎ የሚመጣ ሰው ካርዶቹን ለምን እንደሚፈልጋቸው መገመት አያዳግትም። ሣጥኑ ሲያዝ መርማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው በመዝገብ የሰፈረውን ስም ነው። የሣጥኑ ባለቤት በዚያን ሰዓት ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ማንነትን ማመን ነው። ዘመድ ከውጭ ሲደውል እንግዳ ቁጥር መውጣቱን የለመደ ቤተሰብ እንግዳ ቁጥርን መጠራጠር ያቆማል። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። “እኔ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ በሌላ ነው የምደውለው፣ ቶሎ ገንዘብ ላኩልኝ” ሲል ጆሮው የደከመ አዛውንት በተቆራረጠ ድምፅ ውስጥ የልጃቸውን ድምፅ የሰሙ ይመስላቸዋል። በሕጋዊው በር በገባ ጥሪ ላይ የሚታየው ቁጥር እንኳ ተቀይሮ ሊላክ የሚችል በመሆኑ በስልኩ ላይ የወጣ ቁጥር የደዋዩ መታወቂያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የቤተሰብ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ፣ ከዚያም ስልኩን ዘግቶ ዘመዱን በሚታወቀው ቁጥሩ ወይም በዋትሳፕ መልሶ ማግኘት ነው። ብር ወይም የምሥጢር ቁጥር የጠየቀ ጥሪ ሁሉ ይህን ፈተና ማለፍ ይኖርበታል።

ከመተግበሪያዎቹ ሌላ ኦፕሬተሮች ራሳቸው የሚሰጡት “ዋይ ፋይ ኮሊንግ” የሚባል አገልግሎት አለ። ስሙ ተመሳስሎ ብዙ ሰው ያምታታል። እዚህ ላይ ተጨማሪ መተግበሪያም ሆነ ሌላ ቁጥር የለም። ስልኩ የአንቴናውን ሞገድ ባጣ ጊዜ በቤቱ ዋይ ፋይ በኩል፣ በተመሰጠረ ቦይ ውስጥ አልፎ፣ ከራሱ ኦፕሬተር ማዕከል ጋር ይገናኛል። ተቀባዩ የሚያየው የደዋዩን የዘወትር ቁጥር ነው። ጥሪው የሚገባው በኦፕሬተሩ የገዛ በር ስለሆነ ከላይ የተነሣው ጥያቄ አይመለከተውም። በአሜሪካ ቲ ሞባይል እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ሲሆን፣ አፕል በ2014 በአይፎን ላይ ካካተተው በኋላ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። አገልግሎቱ የሚሠራው ግን ስልኩም ኦፕሬተሩም ሲፈቅዱ ነው። በስልኩ የጥሪ ቅንብር ውስጥ ምርጫው መታየቱ ብቻውን በቂ አይደለም።

ለሹዋሊድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ከአሜሪካ የሚመጡ እንግዶች በዚህ ላይ የሚገጥማቸው ነገር አስቂኝም አስከፊም ነው። የአሜሪካ ሲም ያለበት ስልክ በሐረር ሆቴል ዋይ ፋይ ላይ ሲውል ራሱን አሜሪካ ያለ ያህል ይቆጥራል። ወደ አሜሪካ ቁጥር መደወል በብዙዎቹ ውል መሠረት ተጨማሪ ክፍያ የለውም። እንግዳው ከፈረስ መጋላ ሆኖ ሁለት ኡጋ ተሻግራ ወዳለችው አክስቱ የኢትዮጵያ ቁጥር ቢደውል ግን ጥሪው አትላንቲክን ተሻግሮ ሄዶ፣ እንደገና ተሻግሮ ይመለሳል፤ ሒሳቡም ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ እንደተደረገ ጥሪ ይታሰባል። ለአገር ውስጥ ጥሪ የአገር ውስጥ ሲም መግዛት፣ ወይም ተነሥቶ በእግር መሄድ ይሻላል።

በጀጎል ውስጥ ዋይ ፋይ ራሱ ችግር አያጣውም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ፣ የግቢው አጥርም ያው ድንጋይ ነው። የስልክ ሞገድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲደርስ የሚዳከመው በዚህ ምክንያት ነው። ያው ግድግዳ የዋይ ፋዩን ሞገድም ያፍናል። አምስቱ ነደባዎች ባሉበት በዋናው ክፍል ውስጥ ራውተሩን በግድግዳው ውስጥ በተቀረጸው መደርደሪያ ላይ ከጌጡ ጋር ማኖር ለዓይን ያምራል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው በሦስት ጎኑ ድንጋይ አቅፎት ይቀራል። ከግድግዳው ራቅ፣ ከፍ ብሎ፣ በሩ ፊት ለፊት ቢቀመጥ ሞገዱ በበሩ ወደ ግቢው ይወጣል። ራውተሩ ሁለት ሞገድ የሚሰጥ ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል። ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ለድምፅ ጥሪ ከበቂ በላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ በዋይ ፋይ የተያዘ ጥሪም ይቋረጣል። የድሮው የመዳብ መስመር ኃይሉን ከስልክ ማዕከሉ ስለሚያገኝ ቤቱ ጨልሞም ይሠራ ነበር። አንቴናዎችም ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ባትሪ አላቸው። ስለዚህ የታመመ ወይም የደከመ ሰው ባለበት ቤት በዋይ ፋይ ጥሪ ላይ ብቻ መተማመን አይበጅም። ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ለመጥራትም ተራውን የሞባይል መስመር ማስቀደም ያስፈልጋል። ከመተግበሪያ የሚነሡ ጥሪዎች አብዛኞቹ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሮች አይደርሱም፤ ቢደርሱም ደዋዩ ያለበትን ቦታ አያሳዩም።

በውጭ ያለ ዘመድ ከመተግበሪያ ወደ ሐረር ሲደውል ቁጥሩን የሚጽፍበት መንገድም ብዙ ጊዜ ስሕተት ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ መለያ +251 ከገባ በኋላ የመጀመሪያዋ ዜሮ ትወድቃለች። በ09 የሚጀምረው ሞባይል +2519 ብሎ፣ በ07 የሚጀምረው +2517 ብሎ ይቀጥላል። የሐረር የቤት ስልክ መለያ 025 ደግሞ +25125 ይሆናል። ዜሮዋ ካልወጣች ጥሪው አይደርስም፤ ደዋዩም ቁጥሩ የተቀየረ ይመስለዋል።